አንጀቱ ያጠረ ሕፃን እንዴት ይመገባል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ትንሹ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና ስላጠረ ሕፃናት አመጋገብ የተላኩ ናቸው። ቁጥሮችን ሳንሸሽግ እንጽፋለን። ወላጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ መጠን እንዲቀያይርባቸው ግን አይደለም፤ ሐኪሙ «ዛሬ አንጨምርም» ሲል ምክንያቱ እንዲገባውና ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በ32 ሳምንቷ ተወለደች። ኔክሮታይዚንግ ኢንትሮኮላይቲስ በሚባለው በሽታ አብዛኛው አንጀቷ ሞቶ ተቆርጦ ወጣ። የቀረላት 40 ሳንቲ ሜትር ነው ተባልኩ። ይህ ይበቃታል?

መልስ፦ ከሳንቲ ሜትሩ ሌላ ቀዶ ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ። የቀረው የትኛው ክፍል ነው? በትንሹና በትልቁ አንጀት መገናኛ ላይ ያለው ቫልቭ ተርፏል ወይ? ትልቁ አንጀትስ ምን ያህል አለ፣ ከትንሹ ጋርስ ተገናኝቷል? 40 ሳንቲ ሜትር ይዘው ሁለት ሕፃናት ፈጽሞ የተለያየ መንገድ የሚሄዱት በእነዚህ ሦስት መልሶች ምክንያት ነው።

የታችኛው ክፍል፣ ኢሊየም የሚባለው፣ ራሱን የማስተካከል ችሎታው ከላይኛው ከጀጁነም ይበልጣል። በዚያ ላይ የሐሞት ጨውና ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጡት በእርሱ መጨረሻ ላይ ነው። ኢሊየም ከሄደ ጀጁነም ይህን ሥራ አይረከብም። ትልቁ አንጀት ደግሞ ውሃና ሶዲየም ይመልሳል፤ ያልተፈጨ ስታርች ሲደርሰውም ባክቴሪያዎቹ ወደ አጫጭር የስብ አሲዶች ይቀይሩትና ሰውነት ካሎሪ ያገኝበታል። ስለዚህ «ትልቁ አንጀት ለመፈጨት ጥቅም የለውም» የሚል ሰው ካጋጠመዎ አይስሙት።

የልጅዎ ያለጊዜዋ መወለድ እዚህ ላይ ትንሽ ያግዛታል። የትንሹ አንጀት ርዝመት በእርግዝና የመጨረሻ ሦስት ወራት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ወሩን ጠብቆ በተወለደ ሕፃን እንደ አለካኩ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ይደርሳል። በ33 ወይም 34 ሳምንት ላይ የቀረ 40 ሳንቲ ሜትር ገና የሚያድግ አንጀት ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሐኪሞች ርዝመቱን ብቻ ከመናገር ይልቅ በዚያ ዕድሜ ከሚጠበቀው ስንት በመቶው ቀረ ብለው የሚያሰሉት። ከዚህ ባነሰ ርዝመት ጀምረው በደም ሥር ከሚሰጥ ምግብ የተላቀቁ ልጆች አሉ። ጊዜው ግን በሳምንት አይቆጠርም፤ በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ነው።

እስከዚያ ልጅቱን የሚያሳድጋት በደም ሥር የሚሰጠው ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካውያኑ ቀዶ ሐኪሞች ዊልሞርና ዱድሪክ አንዲት ሕፃን በደም ሥር ምግብ ብቻ ማደግ እንደቻለች ጽፈው እስኪያሳዩ ድረስ፣ እንዲህ ላሉ ልጆች ይህ ነው የሚባል መፍትሔ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ልጃችን 4 ኪሎ ነው፤ ስቶማ አለው (አንጀቱ ሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወጥቶ ፈሳሹ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል)። በአፍንጫው ቱቦ በሰዓት 2 ሚሊ ሊትር ወተት ብቻ ይሰጠዋል። ከዚህ ላይ የሚጨመረው መቼ ነው? ነርሶቹ ከወተቱ ይልቅ ከረጢቱን ነው የሚያዩት።

መልስ፦ ነርሶቹ ልክ ናቸው። የሚገባውን መጠን የሚወስነው የሚወጣው ነው።

መጀመሪያ ስለ 2 ሚሊ ሊትሩ። ብዙ ቡድኖች የሚጀምሩት በቀን በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ሲሆን በፓምፕ ሳያቋርጥ ይሰጣል። ለ4 ኪሎ ልጅ ይህ በቀን ከ40 እስከ 80፣ በሰዓት ሲከፈል 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሳያቋርጥ የሚሰጠው፣ የቀረችው ትንሽ የአንጀት ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ሥራ እንዳትፈታ፣ በአንዴም እንዳይፈስባት ነው። ይህች ጠብታ ልጁን አታጠግበውም፤ ሥራዋ አንጀቱን መቀስቀስ ነው። ምግብ የማያገኝ አንጀት ይሳሳል። ምግብ ሲነካው ግን ውስጡን የሸፈኑት ጣት መሳይ ጥቃቅን ክሮች ይረዝማሉ፣ አንጀቱም ይሰፋል።

አሁን ወደ ከረጢቱ። የ24 ሰዓቱን ፈሳሽ ይመዝኑ፣ ለልጁ ኪሎ ያካፍሉ፣ እንደገና ለ24 ያካፍሉ። ውጤቱ በሰዓት በኪሎ ከ2 ግራም በታች ከሆነ ወተቱ ሊጨመር ይችላል። ከ2 እስከ 3 ከሆነ ባለበት ይቆያል። ከ3 በላይ ከሆነ ይቀነሳል ወይም ለጊዜው ይቆማል። ለእርስዎ ልጅ እናስላው፦ በቀን 150 ግራም ቢወጣ 1.6 ገደማ ነው፤ መጨመር ይቻላል። 240 ግራም ቢሆን 2.5 ነው፤ አይነካም። 300 ሲደርስ 3.1 ስለሚሆን ወደኋላ መመለስ ነው። ስቶማ ለሌለው፣ በተፈጥሮው መንገድ ለሚወጣለት ልጅ መለኪያው ሌላ ነው፤ በቀን በኪሎ ከ10 ግራም በታች ወይም ከ10 ጊዜ በታች ከሆነ መጨመር፣ ከ20 ግራም ወይም ከ12 ጊዜ በላይ ከሆነ መቀነስ። እነዚህ ቁጥሮች በየሆስፒታሉ ጥቂት ይለያያሉ፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከአመዛዘን ነው። ከረጢቱ አንድ ሦስተኛው ሲሞላ ይደፋ፤ ከዚያ ካለፈ በክብደቱ ይላቀቃል፤ ልብሱ ላይ የፈሰሰውም ሳይቆጠር ይቀራል። ያን ዕለት «ዛሬ ቀንሷል» ተብሎ ወተት ይጨመርና በማግሥቱ ልጁ ይደርቃል። የፈሰሰበትን ጨርቅ ደረቁን ክብደት ቀንሰው ይመዝኑት። ዳይፐር የሚመዝኑ ወላጆች ደግሞ ደረቁን ዳይፐር አንዴ መዝነው ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ ዓይነቱ ሲቀየር እንደገና ይመዘን። ሽንትና ሰገራ ከተደባለቀ ግን ቁጥሩ ምንም አይነግርም። የሽንት መሰብሰቢያ ከረጢት መለጠፍ ወይም ከፊት በኩል ጥጥ አድርጎ ለብቻ መመዘን ይሻላል።

ሁለተኛው ስህተት በአንድ ቀን ሁለት ነገር መቀየር ነው። መጠኑም ተጨምሮ ወተቱም ወፍሮ ተቅማጥ ቢመጣ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? አንዱን ቀይሮ ቢያንስ አንድ ቀን ማየት ያስፈልጋል።

ፈሳሹ በድንገት ቢጨምር ወዲያው ወተቱን አይክሰሱ። አዲስ መድኃኒት ተጀምሯል? ለሕፃናት የሚዘጋጁ ብዙ የሽሮፕ መድኃኒቶች ሶርቢቶል በሚባል ማጣፈጫ የተሠሩ ናቸው፤ ሶርቢቶል አንጀት ውስጥ ውሃ ይስባል፣ ባጠረ አንጀት ላይ ደግሞ ይብሳል። ፋርማሲውን «ሶርቢቶል አለበት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ቀን ያተርፋል። ኢንፌክሽንም ያንኑ ያደርጋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ወራት ጨጓራ አሲድ አብዝቶ ስለሚያመነጭ ያም ፈሳሹን ይጨምራል፤ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ያለምክንያት ለዓመታት ሲቀጥል ግን በአንጀት ውስጥ ባክቴሪያ እንዲበዛ መንገድ ይከፍታል። መቼ እንደሚቆም ይጠይቁ።

ወተቱ እንዲቆም ከተደረገ ለ8 ሰዓት ያህል አሳርፎ በቀድሞው ፍጥነት ሦስት አራተኛ መመለስ የተለመደ ነው። ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የጡት ወተቴን አልቤ በፓምፕ ይሰጠዋል። ሲሪንጁና ቱቦው ላይ ነጭ ቅባት ተለጥፎ ይቀራል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የሚቀረው ቅባት የወተቱ ዋና ካሎሪ ነው። የጡት ወተት ዝም ብሎ ሲቀመጥ ስቡ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ሲሪንጁ በአግድም ወይም ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ከተጫነ መጀመሪያ ቀጭኑ ወተት ይሄዳል፣ ስቡ መጨረሻ ላይ በሲሪንጁና በቱቦው ውስጥ ይቀራል። ቀላሉ መፍትሔ የሲሪንጁን ጫፍ ወደ ላይ አዘንብሎ ፓምፑ ላይ መጫን ነው፤ ያኔ የተንሳፈፈው ስብ ቀድሞ ይወጣል። አጭርና ቀጭን ቱቦ ይጠቀሙ፣ ወተቱን ሳይንጡ በቀስታ ያገላብጡት፣ በየ4 ሰዓቱም ሲሪንጁንና ወተቱን ይቀይሩ፤ ከዚያ በላይ ከሰውነት ውጪ በክፍሉ ሙቀት የቆየ ወተት ባክቴሪያ ያፈራል።

በጡት ወተትዎ ይቀጥሉ። አንጀትን የሚያሳድጉና ከኢንፌክሽን የሚከላከሉ ነገሮች አሉበት። ከሌለ ወይም ካልበቃ የተለገሰ የጡት ወተት፣ ካልሆነም ፕሮቲኑ ቀድሞ የተሰባበረ ወይም በአሚኖ አሲድ የተሠራ ፎርሙላ ይታዘዛል። ስቡ ሁሉ መካከለኛ ሰንሰለት ያለው (ሞለኪውሉ አጠር ያለው የስብ ዓይነት) ቢሆን አይመከርም፦ ይህኛው ያለ ሐሞት ጨው ስለሚመጠጥ ይቀላል፤ አንጀትን ይበልጥ የሚያሳድገው ግን ረጅም ሰንሰለት ያለው ስብ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው ይሻላሉ። ፎርሙላውን ማወፈር ደግሞ ካሎሪ የሚያተርፍ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተከማቸው ስኳርና ጨው ውሃ ስቦ በከረጢቱ ይወጣል። የዱቄቱ ልክ በማንኪያ ግምት ሳይሆን በሚዛን ወይም በተሰጠው መስፈሪያ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። የምከታተለው ሕፃን የታዘዘለትን ካሎሪ ሁሉ ያገኛል፤ ክብደቱ ግን 3 ሳምንት ሙሉ አልነቃነቅ አለ። የደም ሶዲየሙ ደህና ነው።

መልስ፦ የሽንቱን ሶዲየም ያስለኩለት። ይህን ምርመራ የሚረሳ ብዙ ነው። ከትንሹ አንጀት ስቶማ የሚወጣ ፈሳሽ በሊትር 100 ሚሊሞል ገደማ ሶዲየም ይዞ ይሄዳል። ኩላሊት የደሙን ልክ ለመጠበቅ የቀረውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፤ ስለዚህ ደሙ ደህና ሆኖ ሰውነት በጨው ይራባል። ሶዲየም ያጣ ሕፃን ካሎሪ ቢደፋበት አያድግም። ስኳርና አሚኖ አሲድ በአንጀት ግድግዳ የሚያልፉትም ሶዲየምን ተከትለው ነው። የሽንቱ ሶዲየም በሊትር ከ30 ሚሊሞል በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምትክ ይታዘዛል፤ ከ10 በታች ከወረደ ጥርጣሬ የለውም። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ለሚወስድ ልጅ ግን ይህ ቁጥር ያታልላል። የምትኩ መጠን ከሐኪሙ ይምጣ፤ ወላጅ የወጥ ጨው ወተት ውስጥ እንዳይጨምር አስጠንቅቁ።

ከሶዲየም ቀጥሎ ዚንክ ይታይ። በየሊትሩ ፈሳሽ ከ12 እስከ 17 ሚሊ ግራም ዚንክ ይጠፋል። በአፍና በመቀመጫ ዙሪያ የሚወጣ የማይድን ቁስል፣ የሚሳሳ ፀጉር፣ የቆመ ዕድገት የዚንክ እጥረት ምልክቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ የልጄ ዓይን ቢጫ ሆነ። ሐኪሞቹ በደም ሥር የሚሰጠውን ቅባት ቀነሱበት። በረሃብ ላይ ረሃብ አይሆንበትም?

መልስ፦ አይሆንም፣ የጎደለው ካሎሪ በግሉኮስ እስከተተካ ድረስ። በደም ሥር የሚሰጥ ምግብ ሲረዝም ጉበት ይጎዳል፤ ሐሞት መፍሰሱ ይዘገይና ቢጫነት ይመጣል። ከሚያባብሱት አንዱ በአኩሪ አተር ዘይት የተሠራው የቅባት ድብልቅ ነው፤ ለዚህ ነው በቀን በኪሎ ወደ 1 ግራም የሚወርደው። ሌላው አማራጭ በዓሣ ዘይት የተሠራው ነው፤ ኦሜጋቨን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ለዚሁ የጉበት ችግር ላለባቸው ሕፃናት ተፈቅዷል፤ መጠኑም በቀን በኪሎ 1 ግራም ነው። አራት ዘይቶች ተቀላቅለውበት የሚመጣውን ግን ልክ እንደ አኩሪ አተሩ ወደ 1 ግራም ማውረድ ጥንቃቄ ይሻል፤ አኩሪ አተሩ በውስጡ ጥቂት ስለሆነ አስፈላጊ የስብ አሲዶች ሊያንሱ ይችላሉ። ቅባቱ ሲቀነስ የስብ አሲዶች ምርመራ በየጊዜው ይደረግ እንደሆነ ይጠይቁ።

ጉበቱን ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው በአንጀት የሚገባው ምግብ ነው፣ ትንሽም ቢሆን። ሁለተኛው የደም ሥር ቱቦው ኢንፌክሽን እንዳይዘው መጠበቅ ነው። ሦስተኛው ልጁ ጠንከር ሲል የደም ሥር ምግቡን ከ24 ሰዓት ወደ 22፣ 20፣ 18 እያሳጠሩ ጉበትን ማሳረፍ ነው። እዚህ ላይ የሚፈጠረው አደጋ የስኳር መውረድ ነው፤ ፓምፑ በድንገት ከተዘጋ ሰውነት ያመነጨው ኢንሱሊን ገና አልቀነሰም። ስለዚህ በመጨረሻው ሰዓት ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ከቆመ በኋላም የደም ስኳር ይለካል።

ጥያቄ፦ ልጃችን ደረቱ ላይ የደም ሥር ቱቦ አለው። ትናንት ማታ 38.3 ትኩሳት ነበረው፤ ፓራሲታሞል ስንሰጠው ወረደ። ጠዋት ድረስ ብንጠብቅ ጥፋት ነው?

መልስ፦ አዎ። ቱቦ ላለው ልጅ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ሌላ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ የደም ኢንፌክሽን ነው፤ በዚያው ሌሊት ደሙ ከቱቦው ተወስዶ ባክቴሪያ እንዲያድግበት ይደረጋል፣ አንቲባዮቲክም ይጀመራል። ፓራሲታሞሉ ያወረደው ሙቀቱን ነው። አሁን ደህና ቢመስልም ዛሬውኑ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ 9 ወሩ ነው። አንጀቱ አጭር ነው። ውሃ ሲያይ ይንሰፈሰፋል፣ ስሰጠው ግን ከረጢቱ ወዲያው ይሞላል። ጭማቂም ሞከርኩ፣ ባሰበት። ምግብ ደግሞ ማንኪያ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ምን ልስጠው?

መልስ፦ እማማ፣ ያዩት ነገር እውነት ነው። ባዶ ውሃ በአጭር አንጀት ውስጥ ሲገባ ሶዲየም ከሰውነት ስቦ ይወጣል፤ የጠጣው ያህል ብቻ ሳይሆን ከጠጣው በላይ ይወጣል፣ ጥሙም ይብሳል። ጭማቂው ደግሞ በስኳሩ ውሃ ይስባል። በውሃና በጭማቂ ፈንታ ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ፣ ሐኪሙ በወሰነው ልክ ይስጡት። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር በሊትር 75 ሚሊሞል ሶዲየምና ያንኑ ያህል ግሉኮስ አለው፤ ሁለቱ ተያይዘው ስለሚመጠጡ ውሃውን ይዘውት ይገባሉ። አንዱ ፓኬት ከታዘዘለት ውሃ ባነሰ ወይም በበዛ መጠን አይበጥበጥ።

ፊቱን ማዞሩ የብዙዎቹ ችግር ነው። አፉ ለወራት ቱቦና ፕላስተር እንጂ ምግብ አላወቀም። አያስገድዱት፤ አንዴ ከተገደደ ወራት ይወስዳል። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ፓምፑ ለአንድ ሰዓት ቆሞ፣ በዚያ ሰዓት ሊገባለት የነበረው ወተት ወይም ከዚያ ያነሰው በአፉ ይቅረብለት፣ ፓምፑን ማን እንደሚያቆምና መቼ እንደሚመለስ ከነርሷ ጋር ተነጋግረው። ባይጠጣውም እንኳ እንዲነካው፣ ጣቱን ነክሮ እንዲልስ ይተዉት። በሌላ ጊዜ ቱቦው በሚሠራበት ሰዓት ባዶ የጎማ ጡት ይጥባ፤ አፍና ጥጋብ አብረው እንዲታወሱት።

ጠጣር ምግብ በአብዛኛው የሚጀመረው በተስተካከለ ዕድሜው ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ያለጊዜው ከተወለደ የጎደለው ሳምንት ይቀነስለታል። አንድ ማንኪያ፣ አንድ ዓይነት፣ ለሁለት ወይም ሦስት ቀን። በደንብ የተፈጨ ሥጋ፣ እንቁላልና ያልጣፈጠ የእህል ገንፎ ከፍራፍሬ ይቀድማሉ። ትልቁ አንጀቱ ከትንሹ ጋር ለተገናኘ ልጅ ተቀቅሎ የተፈጨ ፎሶሊያ ሰገራውን ሊያወፍርለት ይችላል። ማርና ስኳር የለም።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ ከበላ በኋላ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፣ ንግግሩም ይተሳሰራል። የላክቴት ምርመራው ደህና ነው አሉን።

መልስ፦ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱና ዲ-ላክቴት እንዲለካ ይጠይቁ። በአንጀት የበዙ ባክቴሪያዎች ያልተመጠጠ ስኳር ሲያገኙ ዲ-ላክቲክ አሲድ ያመርታሉ፤ የተለመደው ምርመራ የሚለካው ሌላውን ዓይነት፣ ኤል-ላክቴትን ብቻ ነው። ደሙ አሲድ ሆኖ ተራው ላክቴት ደህና መሆኑ ራሱ ፍንጭ ነው። ሕክምናው ስኳርና ቶሎ የሚፈጩ ካርቦሃይድሬቶችን ማቆም፣ አሲዱን ማስተካከልና ባክቴሪያውን የሚቀንስ አንቲባዮቲክ ነው። ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ የሚባሉ ሕያው ባክቴሪያዎች ያሉበት ዝግጅት) ከራስዎ አይጀምሩ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ዲ-ላክቴት ያመርታሉ፣ የደም ሥር ቱቦ ባላቸው ልጆችም ወደ ደም ገብተው ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ልጃችን ከደም ሥር ምግብ ተላቀቀች! አሁን ክትትሉ አበቃ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ፤ አላበቃም። እስካሁን ቫይታሚኑና ማዕድኑ በቱቦው ይገባ ነበር፤ አሁን አንጀቷ ብቻዋን ነች። ኤ፣ ዲ፣ ኢና ኬ፣ ብረትና ዚንክ በየጥቂት ወሩ ይለኩ። ክብደቷ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሳምንቱ ይመዘን፤ መውረድ ከጀመረ ቱቦው ገና አለመነቀሉ ጥቅም ይሰጣል። ዕድገቷ ከቆመ ወይም ከዓመት በኋላ ከደም ሥር ምግብ መላቀቅ ካቃተ፣ የሰፋውን አንጀት የሚያረዝሙ ቀዶ ሕክምናዎችና ቴዱግሉታይድ የተባለው አንጀት አሳዳጊ መርፌ አሉ፤ እርሱም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ1 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ተፈቅዷል።

የኢሊየሟ መጨረሻ ከተቆረጠ ቢ12ን በተለይ አይርሱት። ጉበት ያከማቸው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ስለሚበቃ እጥረቱ የሚመጣው ሁሉም ሰው ልጅቱን ረስቶ «ድና አለች» ባለበት ጊዜ ነው። የደም ልኬቱ ድንበር ላይ ከሆነ ሜቲልማሎኒክ አሲድ (ቢ12 ሲያንስ በደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) እንዲታይ ይጠይቁ፤ እርሱ ቀድሞ ይናገራል። ካነሰ በመርፌ ይሰጣል፣ የተቆረጠው ክፍል ስለማይተካም መርፌው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው።